«የአብራሪው ስህተት ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም

አነስተኛ አውሮፕላን በወደቀ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የምንሰማው «የአብራሪው ስህተት ነው» የሚል አጭር ፍርድ ነው። ፍርዱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በእኛ እምነት ግን ጥያቄውን ያለጊዜው ይዘጋዋል። የሳይንስ ሥራ የሚጀምረው «ለምን ተሳሳተ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1999 ምሽት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ታናሹ ከኒው ጀርሲ ተነሥቶ ያበራት የነበረችው አነስተኛ አውሮፕላን በማርታስ ቪንያርድ ደሴት አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ወደቀች። ከእርሱ ጋር ባለቤቱና እኅቷ ሕይወታቸው አለፈ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባካሄደው ምርመራ አብራሪው አውሮፕላኗን መቆጣጠር የተሳነው የአቅጣጫ ስሜቱ ስለተዛባ እንደሆነ ደመደመ፤ ጭጋጉንና የሌሊቱን ጨለማም በአባባሽነት ጠቀሰ።

ስሜት እንዴት ይዛባል? በውስጠኛው ጆሯችን በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ከፊል ክብ ቱቦዎች አሉ። ጭንቅላታችን መዞር ሲጀምር ፈሳሹ ወደኋላ ስለሚቀር መዞራችን ይታወቀናል። ዙሩ ሳይለዋወጥ ከቀጠለ ግን ፈሳሹ ከቱቦው እኩል ይዞርና ስሜቱ ይጠፋል። አብራሪው እየዞረ ሳለ ቀጥ ብሎ የሚበር ይመስለዋል፤ አውሮፕላኑን ሲያቃና ደግሞ ወደ ተቃራኒው የዞረ ይመስለዋል። «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይባላል፤ አድማሱ ከዓይን ሲሰወር ግን ልብ በሐሰት ምስክር ይፈርዳል።

የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1954 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በመሣሪያ የመብረር ልምድ የሌላቸውን 20 ሰዎች ውጭውን እንዳያዩ ጋርደው በአየር ላይ ፈተኑ። ሃያዎቹም አውሮፕላኑን መቆጣጠር ተሳናቸው፤ ለዚህም በአማካይ 178 ሰከንድ ብቻ በቃ። ተመራማሪዎቹ ግን «ሰነፎች» ብለው አላሰናበቷቸውም። መሣሪያ እያነበቡ 180 ዲግሪ ዞረው ወደመጡበት እንዲመለሱ አሠለጠኗቸው። ከአጭር ሥልጠና በኋላም ከሞላ ጎደል ሁሉም ተሳካላቸው።

እንግዲህ አብራሪዎች የሚማሩት ግልጽ ነው፤ ሰማዩ ሳይዳምን መመለስ፣ ከስሜት ይልቅ መሣሪያን ማመን፣ ይህንንም በልምምድ ማጽናት። ለእኛ ለሳይንስ ተማሪዎችም ትምህርቱ ከዚህ አይርቅም። በቤተ ሙከራ የተሳሳተውን ጓደኛችንን ከመውቀሳችን በፊት የስህተቱን መንገድ እንመርምር። ወቀሳ አንዱን ሰው ዝም ያሰኛል፤ ምርመራ ግን ከኋላ የሚመጡትን ያድናል።