«በነፃ» እና «ነፃ»

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና የሚጠጣ ቡናውን ይዞ ይቀመጥ።

ባለፈው ሳምንት ሦስት የድሮ ተማሪዎቼ ቤት ድረስ መጡ። የኦፕን ሶርስ ወዳጆችን የሚያሰባስብ የአንድ ቀን ጉባኤ እናዘጋጅ ብለው ከተነሱ ወራት ሆኗቸዋል፤ እኔም ከዳር ሆኜ አማክራለሁ። ይዘው የመጡት የምሥራች ነበር። «ቲቸር፣ ስፖንሰር ተገኘ! ሙሉውን እንችላለን ብለዋል!» ሙሉውን ማለት አዳራሽ፣ ምሳ፣ ቲሸርት፣ ባነር፣ የሆቴል ሻይ ቡና። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ ወረቀቱን አወጡት። ኩባንያው (ስሙን አልጠራም፣ ክፉ ሰዎችም አይደሉም) በምላሹ የጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ ጉባኤው በኩባንያው ስም እንዲጠራ፣ የመክፈቻውን ንግግር የእነሱ ሰው እንዲያደርግ፣ የተሳታፊዎች ስም ዝርዝር ከነስልክ ቁጥሩ እንዲሰጣቸው።

ልጆቹ ተከፋፍለዋል። አንዷ «ምን ችግር አለው ቲቸር? እነሱ ካልከፈሉ እኮ በነፃ ልናደርገው አንችልም» ትላለች። ሁለተኛው በጭራሽ አይሆንም ባይ ነው። ሦስተኛው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እዚያው መልስ አልሰጠሁም፤ ላስብበት ብዬ ሸኘኋቸው። አስቤበታለሁ፤ ነገሩ የሦስቱ ብቻ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው።

እዚህ ላይ አማርኛችን ከእንግሊዝኛ ይሻላል። እንግሊዝኛ ለሁለቱም ነገር አንድ ቃል ስላለው፣ ሪቻርድ ስቶልማን ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚያወራው ስለ ነፃነት እንጂ ስለ ዋጋ እንዳልሆነ ሲያስረዳ ኖሯል። እኛ «በ» የምትባል አንዲት ፊደል አለችን። «በነፃ» ሲባል አይከፈልበትም ማለት ነው። «ነፃ» ሲባል ደግሞ የሚያዝዘው ጌታ የለውም። ያ ወረቀት ላይ ያለው ጉባኤ በነፃ ነው፤ ነፃ ግን አይደለም።

ከዓመታት በፊት ለትምህርት ቤልጂየም፣ ሉቨን ከተማ ነበርኩ። በጥር ማገባደጃ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የክፍሌ ልጅ ቀስቅሶኝ በባቡር ብራስልስ ወሰደኝ። ፎስዴም ወደሚባለው ጉባኤ። ራፋኤል ቦዱዋን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ነው፤ የሚካሄደውም በብራስልስ ነፃ ዩኒቨርሲቲ ሶልቦሽ ግቢ ነው። (አዎ፣ ዩኒቨርሲቲውም ስሙ «ነፃ» ነው። እኔ አይደለሁም ያወጣሁለት።)

በር ላይ ስሜን የጠየቀኝ የለም። ምዝገባ የለም፣ ባጅ የለም፣ ቲኬት የለም። ዝም ብለህ ትገባለህ። ከ8,000 በላይ ሰው እንደሚመጣ ይገመታል። «ይገመታል» የምለው ማንም ስለማይመዘገብ ነው። ምሳ ያቀረበልኝም የለም፤ ግቢው ውስጥ ከቆመ መኪና የተጠበሰ ድንች ገዝቼ ብርድ ላይ ቆሜ በላሁ። መቀመጫው የተማሪ አግዳሚ ነው። ክፍል ሲሞላ በሩ ላይ «ሞልቷል» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፣ ውጭ የቀረ ቀረ፤ እኔ ልሰማው ከጓጓሁት ንግግር ቀርቻለሁ። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ቀን ተደስቼ የዋልኩበት ጉባኤ አላስታውስም። ኮዱን በየቀኑ የምጠቀምበትን ፕሮግራም የጻፈ ሰው አጠገቤ ቆሞ ያንኑ ድንች ይበላል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ስፖንሰሮች አሉ፤ ትልልቅ ኩባንያዎችም አሉበት። የተሳታፊው መዋጮ አለ፤ ላዋጣ ሰው ቲሸርት ይሰጠዋል። የቀረው ጉልበት ነው። አዘጋጆቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አብዛኞቹን ክፍሎች ደግሞ ማኅበረሰቦቹ ራሳቸው ያስተዳድሯቸዋል፣ ተናጋሪ የሚመርጡትም እነሱ ናቸው። እሁድ ማታ የመጨረሻው ንግግር ሲያልቅ «ቀርታችሁ አግዙን» ይባላል። እኔም ቀርቼ ኬብል ጠቅልያለሁ። ማስተርስ ልማር ሄጄ ካመጣኋቸው ሙያዎች አንዱ ኬብል አጠቃለል ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ለልጆቹ ልነግራቸው የፈለግሁት ግን ሌላ ነው። እዚያ ገንዘብ የሰጠ መድረክ አይገዛም። እ.ኤ.አ. በ2025 ከትዊተር መሥራቾች አንዱ የሆነው ጃክ ዶርሲ በዋናው መድረክ ይናገራል ተብሎ ሲወጣ ተቃውሞ ተነሳ፤ «መድረኩ በገንዘብ ተገዛ ወይ?» የሚል ጥርጣሬም ነበር። አዘጋጆቹ በይፋ መለሱ፦ ስፖንሰር መሆን በንግግር ምርጫ ላይ ምንም ብልጫ አይሰጥም፣ ይህም ከ25 ዓመት ጀምሮ የነበረ ሕጋችን ነው አሉ። በምርጫቸው መስማማት አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው። ያንን መልስ መስጠት የቻሉት ግን ሕጉ ቀድሞ ስለነበረ ነው። ጥያቄው በመጣ ዕለት የተጻፈ ሕግ ማን ያምነዋል?

ሌላም መንገድ አለ። የዴቢያን ሰዎች ጉባኤ፣ ደብኮንፍ (እ.ኤ.አ. በ2016 ኬፕ ታውን መጥቶ ነበር)፣ መሠረታዊ ምዝገባው በነፃ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የሚከፍልለት ሰው ግን ከፍ ያለውን ዋጋ እንዲመርጥ ይጠየቃል። ለሚቸገር ደግሞ ለጉዞ፣ ለማደሪያና ለምግብ ድጋፍ ይሰጣል። ለእኛ አገር ከሁሉም የሚቀርበው ይሄ ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የራሴን ኃጢአትም አብሬ ልናዘዝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሶፍትዌር ነፃነት ቀንን ምክንያት አድርገን አንድ ትንሽ ዝግጅት አሰብን። ቀኑ በሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜ ነው የሚከበረው። እኛ ዘንድ ምንጊዜም ከእንቁጣጣሽ በኋላ፣ ከመስቀል በፊት ይውላል። ማለትም በግ ተበልቶ ኪስ ባዶ በሆነበት፣ ደብተርና ዩኒፎርም በሚገዛበት ሳምንት። አንድ መሥሪያ ቤት «ወጪው በእኛ» አለን። አመንን። ቲሸርትና ባነር በዱቤ አሳተምን። አንድ ሳምንት ሲቀረው «በጀት አልተለቀቀም» ተባለ። አዳራሹም አብሮ ቀረ። እንግዲህ ያለን ምርጫ መሰረዝ ወይ ከኪስ ማዋጣት ነበር፤ አዋጣን፣ አንድ ጓደኛችን የመማሪያ ክፍል አስፈቀደልን፣ ዝግጅቱም ተካሄደ። ያዋጣነው ገንዘብ ግን ወዴት ሄደ? ለቲሸርቱና ለባነሩ ዕዳ።

ከተናጋሪዎቹ አንዷ ከደብረ ብርሃን የመጣች የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ለሊብሬኦፊስ የሚሆን የአማርኛ ፊደል ማረሚያ ለመሥራት ቃላት ስትሰበስብ ከርማለች። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ በሚኒባስ መጣች። ተራዋ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር፤ የክብር እንግዶች ንግግር ተራዝሞ ተራዝሞ ወደ አሥር ሰዓት ተገፋ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦርሳዋን ይዛ መጣች። «ቲቸር ይቅርታ፣ ማደሪያ የለኝም፤ መኪና ሳያመልጠኝ ልሂድ።» ሄደች። ቲሸርቱን ግን ሰጥተናታል።

ከነዚያ ቲሸርቶች የተረፉ አሁንም ቁም ሳጥን ውስጥ አሉ። ባየኋቸው ቁጥር አንድ አልጋ ለአንድ ሌሊት ስንት ነበር ብዬ አስባለሁ። መግቢያው በነፃ ነው ብለን ስንለጥፍ፣ በነፃ የሆነው አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ የአበል ነገር ይነሳል። ባለፈው ማስታወቂያ ስንለጥፍ ኢንቦክስ ከገቡት መልእክቶች መጀመሪያ ያነበብኩት «አበል አለው?» የሚል ነበር፤ ቀጥሎ «ሰርተፊኬትስ?» አልተናደድኩም። ስንት ዓመት ሙሉ ወርክሾፕ ማለት አበል ነው ብለን ራሳችን አስተምረን፣ ሰው ተማረ ብለን ልንቆጣ ነው? ደሞዝ የማይበቃው ሰው ቅዳሜውን ሲሰጥ ምን አገኛለሁ ማለቱ ነውር የለውም። ግን ለመጣ ሁሉ አበል የሚከፍል ጉባኤ፣ ከፋዩ የቀረ ቀን አብሮ ይቀራል። የመኪና መሳፈሪያ ላጣ ልጅ መሳፈሪያውን መስጠት ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን አናምታታ።

ኦፕን ሶርስን ለማስረዳት ሁላችንም «ደቦ ነው» እንላለን። እኔም ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ብያለሁ። አሁን ግን ትክክለኛው ምሳሌ ዕድር ነው ባይ ነኝ። ደቦ አዝመራው ሲሰበሰብ ይበተናል፤ ጠላውን ያቀረበውም ባለ እርሻው ነው። ዕድር ግን ሐዘን በሌለበት ወርም ይዋጣል። ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ መዝገብ አለው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ የማንም ሳይሆን የሁሉም ነው። ሀብታሙ ጎረቤት ብዙ ስለሰጠ የቀብሩን ሰዓት አይወስንም። እናቶቻችንና አባቶቻችን ያለ ስፖንሰር ይሄን ሁሉ ሲያካሂዱ እያየን አድገን፣ ስልሳ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ለመሰብሰብ ኩባንያ ካልያዘን እንላለን።

እሺ፣ ምን እናድርግ? ያልኳቸውን ልንገራችሁ።

ኩባንያውን አታባርሩ። ሂዱና እናመሰግናለን በሏቸው፤ ከጠቅላላው ወጪ እስከ ሩቡ ብቻ እንቀበላለን፣ አርማችሁን ግድግዳው ላይ እንለጥፋለን፣ ስሙ ግን የጉባኤው ስም ይሆናል። መናገር የሚፈልግ ሰው ካላቸው እንደማንኛውም ሰው ርእሱን ያስገባ። የስልክ ዝርዝሩን በተመለከተ መልሱ ቀላል ነው፦ የለንም። ማንንም አንመዘግብም፤ ያልሰበሰብነውን የሚጠይቀን የለም። («ታዲያ ስንት ስኒ ቡና እንደሚያስፈልግ በምን እናውቃለን?» አለችኝ። ጀበና ይጨመራላ!) ቡናውን በተመለከተ ደግሞ፣ ባለፈው ጊዜ ከሁላችንም የተሻለ ኮድ የምትጽፍ ልጅ ስኒ ስታጥብ ዋለች፤ ዘንድሮ ወንዶቹ ያጥባሉ።

«ሩብ ብቻ ካልናቸው ይሄዳሉ» ብላ ተከራከረችኝ። ሊሄዱ ይችላሉ። ትልቁ አዳራሽ፣ የሆቴሉ ምሳና ባነሩ አብሮ ይሄዳል። ያኔ የመማሪያ ክፍል እንለምናለን፣ ሰው ምሳውን ይዞ ይመጣል ወይ ወጣ ብሎ ሽሮ ይበላል። ኢንተርኔት ቢጠፋ እንዳንደናገጥ ዴቢያንን ከነጥቅሎቹ፣ ዊኪፔዲያንም በኪዊክስ አስቀድመን ሀርድ ዲስክ ላይ እንጭናለን። መብራት ከሄደ በወረቀትና በነጭ ሰሌዳ እንቀጥላለን፤ ድሮ እንደዚያ አይደል ያስተማርኳችሁ?

ገንዘቡ በአንድ ሰው የግል አካውንት አይግባ፤ ታማኝ ነኝ ባይም ቢሆን፣ እኔም ብሆን። ሦስት ፈራሚ ይኑር፣ ያለ ሁለቱ ፊርማ አይውጣ። የገባውና የወጣው በየሳምንቱ ሁሉም በሚያየው ሠንጠረዥ ላይ ይጻፍ፤ የተገዛው የፕላስተር ጥቅልል ሳይቀር። ኮዳችን ክፍት ነው እያልን ሒሳባችንን የምንዘጋ ከሆነ ሰው ይስቅብናል። ከሚገባው ደግሞ የመጀመሪያው ብር ከሩቅ ለሚመጡ ትራንስፖርትና ማደሪያ ይያዝ፤ ያ ሳይሞላ ስለ ቲሸርት የሚያነሳ ሰው ካለ የእኔን ቁም ሳጥን መጥቶ ይይ።

ከባዱን ነገር አልደብቅም። በጎ ፈቃድም ወጪ አለው፤ ከፋዩ አይታይም እንጂ። እነዚህ ሦስት ልጆች ከሥራ መልስ እስከ እኩለ ሌሊት እየሠሩ ነው። አንዷ ሕፃን ልጅ አላት። ለዚያ ነው ሙሉውን እንከፍላለን የሚል ሲመጣ እንባ ያቀረረችው፤ ስግብግብ ሆና አይደለም፣ ደክሟት ነው። «አይሆንም» ብሎ ተናግሮ ወደ ቤቱ የሚሄድ አማካሪ አልሆንም፤ ከሳምንታዊ ሥራዎቹ ሁለቱን፣ የሒሳብ ሠንጠረዡንና የማደሪያ ነገሩን፣ እኔ ወስጃለሁ።

ስለዚህ ማደሪያውን ከአሁኑ ልጀምር። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ለአንድ ሌሊት ትርፍ ፍራሽ ያለው ማነው? ሴት ተማሪዎችን ተቀብላችሁ ማሳደር የምትችሉ ቤተሰቦችን በተለይ እፈልጋለሁ። ሌላ የምንሻው ኤክስቴንሽን ኬብል (ረጅም ረጅሙን)፣ አንድ የሚሠራ ፕሮጀክተር፣ ጀበናዎች። ውጭ አገር ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ገንዘብ ለመላክ አትቸኩሉ፤ አካውንቱ ሲከፈትና ሠንጠረዡ ሲወጣ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ ያኔ አይታችሁ ትልካላችሁ።

ለደብረ ብርሃኗ ልጅ ትናንት ደወልኩላት። ተመርቃ ሥራ ይዛለች፤ የቃላት ስብስቡንም አልተወችውም። ትመጫለሽ ወይ አልኳት። «እመጣለሁ ቲቸር፤ ግን የጠዋቱን የመጀመሪያ ሰዓት ለኔ ስጡኝ» አለች። ሰጥቻታለሁ።