አርማታም ውሃ ይጠማዋል

የገበሬ ማኅበራት በመዋጮና በጉልበት በሚሠሩት የምንጭ ውሃ ማጠራቀሚያ ወይም ትንሽ ድልድይ ላይ አርማታው ተሞልቶ ሲያበቃ ሥራው እንደተፈጸመ ይቆጠርና ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውሃ ጋር በመዋሐድ ነው። በበጋ ፀሐይና ነፋስ ቶሎ የደረቀ አርማታ ሊኖረው ከሚገባው ጥንካሬ እስከ ግማሽ ድረስ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ እርጥብ ጆንያ ወይም ጭድ ለብሶ ቢያንስ ለ7 ቀን ጧትና ማታ ውሃ መጠጣት አለበት።

ውሃ የሚጎዳው ሲቦካ ከበዛ ነው። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር፣ አንድ ትልቅ ጀሪካን ገደማ ይበቃል፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነማ ከዚያም ያንሳል። ለአካፋ እንዲቀል ተብሎ የሚጨመረው ትርፍ ውሃ ሲተን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። በቀዳዳው እርጥበት ሲገባ ቶንዲኖው ይዝጋል፤ ዝገቱ ከብረቱ የሰፋ ቦታ ስለሚፈልግ አርማታውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ያኔ ግንበኛው ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል።

ለቁፋሮ ተራ የሚያወጡ የማኅበር መሪዎች ለነዚያ 7 ቀናትም ተራ ማውጣት ይገባቸዋል። ውሃ መቅዳቱም እንደተለመደው ለሴቶች ብቻ አይተው፤ አህያ ያላቸው አባላት አህያቸውን እየነዱ ይውጡ።