የሰፈሩ «ዶክተር»

«ዶክተር» የሚባሉ ልጆች በዙብኝ። በዚህ ሳምንት ደግሞ እዚሁ ገንዳ ውሃ ሻይ ቤት በር ላይ አንዱን አገኘሁት፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነው። «ና እስቲ ዶክተር፣ ካርድህን ለጋሼ አሳያቸው!» አሉት አባቱ። አሳየኝ፤ አንደኛ፣ አንደኛ፣ አንደኛ። የእሱ ዓይን ግን ከጎናችን ተፈታቶ የቆመው ባጃጅ ላይ ነበር። መካኒኩን ስለ ካርቡራቶሩ ሊጠይቅ ጠጋ ሲል አባቱ በግራሶ እንዳይጨማለቅ ብለው ክንዱን ይዘው መለሱት።

 የከነከነኝ፣ ጭንቅላት እንዳለው የሚነግረው ሞልቶ ምን እንደሚወድ የሚጠይቀው መጥፋቱ ነው።

ጭንቅላት ብቻውን ደግሞ አያደርስም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሉዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ከ1,500 በላይ ባለ ብሩህ አእምሮ ልጆችን እስከ ጉልምስና ተከታትሏል። ከወንዶቹ በጣም የቀናቸውን ካልቀናቸው ጋር ሲያስተያይ በአእምሮ ፈተናው ያን ያህል አይበላለጡም። የለያያቸው ጽናትና በራስ መተማመን ነው። በፈተናው ሳይመረጡ የቀሩት ሾክሊና አልቫሬዝ የተባሉ ልጆች ደግሞ አድገው ኖቤል ወሰዱ።

«የፈረንጅ ነገር!» ለሚሉኝ፣ ጎንደር ቅርብ ነው። በቅኔ ቤት አብሾ የጠጣ ቀለም ቶሎ ይገባዋል፣ ካልተጠነቀቀ ግን ያብዳል ሲባል ሰምተናል። መድኃኒቱን ለሚያውቁት ልተውና፣ የሰላ አእምሮ ባለቤቱን ሊጎዳ እንደሚችል አባቶች ጠርጥረው ነበር ማለት ነው። ተሜስ ቢሆን አኮፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ ቁራሽ ለምኖ ቅኔ የሚቆጥረው ወድዶ አይደል?

የእኛ ቆላ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። መስከረም ትምህርት ሲከፈት ሰሊጥ ይደርሳል፤ ቀን ካለፈበት አፉን ከፍቶ ይረግፋልና ማንንም አይጠብቅም። ጎበዙ ልጅ ማጭድ ይዞ ይወርዳል፣ የታጨደውን ሰሊጥ አስሮ ሂላ ሲያቆም ይሰነብታል፣ ጥቅምት ላይ ተመልሶ ክፍሉን በሳምንት ይደርስበታል። መምህሩ ያጨበጭባል፤ እኔ እፈራለታለሁ። ማሳው ላይ የለፋውን ያህል ደብተሩ ላይ ለፍቶ አያውቅማ!

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ውስጥ ስንት «ዶክተር» ይኖር ይሆን? አንዱን አውቀዋለሁ። ሰፈሩ ዛሬም «ዶክተር» ይለዋል፣ አሁን በሽሙጥ። የሚያሾፉበት ደግሞ ስሙን ያወጡለት እነዚያው ጎረቤቶች ናቸው።