ድራማችን ወረርሽኙን ለምን ደበቀ?

የሜካፕ ባለሙያ ነኝ። መኖሪያዬ አዳማ ነው፤ ሥራዬ ግን በአብዛኛው አዲስ አበባ በመሆኑ በፈጣን መንገዱ እየተመላለስኩ የተዋንያንን ፊት እሠራለሁ። ሙያዬ የሰው ትንፋሽ እየተሰማኝ የምሠራው ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ እኔ ከምሠራበት ቀረጻ ቀድመን "ለጊዜው አትምጡ" የተባልነው እኛ የሜካፕ ባለሙያዎቹ ነበርን። በዚህ ማንንም አልወቅስም። የሚቆጨኝ ቀረጻው ሲመለስ ታሪኩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ መቀጠሉ ነው።

መጋቢት 30 የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎ የወጣውን ደንብ እናስታውስ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ መጨባበጥ ተከለከለ፤ ካፌ ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ መቀመጥም አይቻልም ነበር። የእኛ ተከታታይ ድራማ ደግሞ የሚቆመው በለቅሶ ድንኳን፣ በሰርግ፣ በሽምግልና እና በቡና ዙሪያ ነው። ጸብ የሚፈነዳው፣ ምሥጢር የሚወጣው፣ ዕርቅ የሚወርደው ሰው ሲሰበሰብ ነው። ደንቡ የከለከለው የድራማችንን ዋና ዋና ሲኖች ነበር ማለት ይቻላል።

የቀረጻ ቦታችንም አይመችም። እንግሊዞች "ኢስትኤንደርስ" ለተባለው ተከታታይ ድራማቸው ኤልስትሪ ላይ ሙሉ ሰፈር ገንብተዋል። እኛ የምንቀርጸው ብዙ ጊዜ በተከራየ ቪላ ሳሎን ውስጥ ነው። ካሜራማኑ፣ መብራት የሚይዘው፣ ድምፅ የሚቀዳው፣ ዳይሬክተሩ፣ ረዳቱ፣ አልባሳቷ እና እኔ ስንቆም ተዋናይ ሳይገባ ክፍሉ ይሞላል። መስኮት እንዳይከፈት ደግሞ የባጃጅ ድምፅ ይገባል።

ስለዚህ መላ ተፈለገ። የስልክ ንግግር በዛ። ሦስትና አራት ሰው የነበረበት ሲን ለሁለት ሰው ተጻፈ። ሳሎን የነበረው ወደ ግቢ ወጣ። ሊመጣ ያልቻለ ተዋናይ በታሪኩ ውስጥ "ውጭ አገር ሄደ" ተባለ። እኔም አዳማ ተቀምጬ ተዋንያኑ ፊታቸውን እንዴት እንደሚሠሩ በቴሌግራም ቪዲዮ እየላክሁ አሳየሁ። የፓውደሩ ቀለም ከሲን ወደ ሲን ይለያያል፤ ማስኩ አፍንጫ ላይ የተወው መስመር በካሜራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ተመልካች ላያስተውለው ይችላል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንን መስመር ባየሁ ቁጥር ያ ተዋናይ ካሜራው ማንሳት እስኪጀምር ድረስ ማስክ አድርጎ እንደነበር አውቃለሁ።

ሌላው ዓለምም ተቸግሯል። "ኢስትኤንደርስ" እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ሲታይ ኖሮ በሰኔ 2012 የተቀረጸው አልቆበት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቋረጠ፤ የተመለሰው ጳጉሜን 2 ቀን ነው። ሲመለስ ተዋንያን ሜካፓቸውን ራሳቸው ይሠሩ ነበር፤ በሁለት ተዋንያን መካከል ግልጽ ፕላስቲክ ቆሞ ካሜራው ከጎን እያነሳ የተቀራረቡ ያስመስላቸዋል። የአውስትራሊያው "ኔበርስ" ሠራተኞቹን ከፋፍሎ እንዳይገናኙ አደረገ። የአሜሪካው "ዘ ቦልድ ኤንድ ዘ ቢዩቲፉል" ለፍቅር ትዕይንት አሻንጉሊትና የተዋንያኑን እውነተኛ ባለትዳሮች ተጠቀመ። የእንግሊዙ "ኤመርዴል" ግን ሌላ መንገድ ያዘ፤ ቤት የተዘጋባቸውን ሰዎች ሁለት ሁለት እያደረገ፣ ስለ ወረርሽኙ ራሱ የሚያወሩባቸው ክፍሎች ሠራ። ልቤ ያለው ከዚህኛው ጋር ነው።

ምክንያቱም ያኔ ምን ዓይነት ሕይወት እንደኖርን እናውቃለን። ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከሻሸመኔ ዘመድ ሞቶበት በስልክ ያለቀሰ ሰው ነበር። እናቱን በር ላይ ቆሞ የጠየቀ፣ እጁን ዘርግቶ መልሶ ያጠፈ ነበር። ሰኔ 22 ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ደግሞ በከተሞቻችን በበሽታው ላይ ሌላ ሐዘን መጣ፤ ኢንተርኔትም ለሳምንታት ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ ብዙ ቤት የቀረው ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ነው። እኔ ከፍቼ ስመለከት ግን ያገኘሁት ሰዎች እየተቃቀፉ ሲሳሳሙ፣ ማስክ የሚባል ነገር ሳይነሳ ነው። ያ የእኛ ሕይወት አልነበረም።

አንችልም የሚል ካለ አልቀበለውም፤ ችለን እናውቃለን። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት በአማርኛ "የቀን ቅኝት"ን በ257 ክፍል፣ በአፋን ኦሮሞ ደግሞ "ዲምቢባ"ን በ140 ክፍል የሬዲዮ ድራማ አድርጎ አስተላልፏል። ኤች አይ ቪ በታሪኩ መሐል ገብቶ ነበር፤ ሰዎች ሲዋደዱ፣ ሲዋሹ፣ ሲታመሙ ይሰማል። ድርጅቱ ባደረገው ጥናት ከሚያዳምጡ ወንዶች ውስጥ የተመረመሩት ከማያዳምጡት አራት እጥፍ ነበሩ። የጂቡቲ መንገድ የሚያልፍባት፣ የከባድ መኪና ሾፌር የሚያድርባት አዳማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባታል። የሬዲዮ ድራማ ደግሞ ሳሎን አይፈልግም፤ ተዋናይ ብቻውን ማይክ ፊት ቆሞ ሊቀዳ ይችላል። በ2012 ካሜራ ሲቆም ይህንን መንገድ አጥብቀን መያዝ ነበረብን።

የፕሮዲዩሰሮችን ስጋት አውቃለሁ። ማስክ የሚታይበት ክፍል በዓመቱ "ያረጀ" ይመስላል፣ ስፖንሰር አይወድም ይባላል። ተመልካች በቀን ስለ በሽታው ሰምቶ ማታ ማረፍ ይፈልጋል የሚሉም አሉ፤ ይሄኛው ክብደት አለው። ነገር ግን ዕረፍት የሚሰጠው የራስን ችግር የሚያውቅ ሰው ማየትም ነው። የባሏን ለቅሶ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ የተቀመጠች ሴት ታሪክ፣ ሁለት ተዋናይና አንድ ክፍል ብቻ ይበቃው ነበር። ወጪውም ከድንኳን ሲን ያንሳል።

የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ (ኦቢኤን) ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አዳማ ውስጥ ነው። ለእሱም፣ ለአዲስ አበባ ጣቢያዎችም፣ ለደራስያኑም የምለው አለኝ፦ ያንን ዓመት አሁንም ጻፉት፤ የሚያስታውሰው ሰው በሕይወት እያለ ሄዳችሁ ጠይቁት። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣም የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የሁለት ሰው ክፍሎችና የሬዲዮ ድራማ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እንዲጀመር ከዛሬው ተዘጋጁ።