ከቢራው ታክስ ለሱስ አማካሪም ይድረስ

እነዋሪ ላይ አንድ ወጣት መጠጥ አልላቀቅ ሲለው ሁሉም ሰው መካሪ ነው። እናት ታለቅሳለች፣ አጎት ይቆጣል፣ ጓደኛ «ወንድ አይደለህ እንዴ፣ ቁርጥ አድርገህ ተው» ይላል። ችግሩ ይሄ ምክር አንዳንዴ ይገድላል። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፤ እንደሚጥል በሽታ የሚያንዘፈዝፈው፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ገደማ የሌለ ነገር የሚታየውም አለ። ሰፈሩ «ለክፎት ነው» ይላል። ሐኪም ግን ያውቀዋል፣ መድኃኒትም አለው። ጠበል ቢሄድም ሐኪም ይየው።

የሱስ አማካሪ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ይጠይቃል፦ ምን ያህል ትጠጣለህ? ከመቼ ጀምሮ? ጠዋት ካልጠጣህ እጅህ ይንቀጠቀጣል? አደጋ ካየ ወደ ሐኪም ይልካል። ከዚያ ረጅሙ ሥራ ይመጣል። አይሰብክም፣ አይቆጣም፤ ሰውየው ማቆም የሚፈልግበትን ምክንያት በራሱ አፍ እንዲናገር ያደርጋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ በ1983 የጻፈበት ይህ ዘዴ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ቀጥሎ ፈተናዎቹን አብረው ይለያሉ፤ የገበያ ቀን፣ የደመወዝ ማታ፣ ሠርግ፣ የድሮ ጓደኛ። ቢያገረሽበትም «አለቀልህ» አይባልም። ምን እንደጣለው ታይቶ እንደገና ይጀመራል።

ይህ ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ሰውየው ደጋግሞ መመላለስ አለበት። ሱስን በማከም ስማቸው የሚነሳው አማኑኤልም ጳውሎስም ያሉት ግን አዲስ አበባ ነው። ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ የአስታማሚ ምግብ፣ ያለፈ የእርሻ ቀን ሲደመር፣ ሕክምናው ነፃ ቢሆን እንኳ መንገዱ የጅሩን ገበሬ ሰንጋ ያሸጠዋል።

«ባለሙያ የለም» ይባል ይሆናል። መፍትሔው ግን የግድ አዲስ ሆስፒታል መገንባት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና አገራችንም የተቀበለችው የአእምሮ ጤና ፕሮግራም ነርሶችንና ጤና መኮንኖችን አሠልጥኖ ይህን ሥራ ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ የታሰበ ነው።

«ገንዘብ የለም» ለሚለውም መልስ አለ። ጎረቤታችን ደብረ ብርሃን ብቻ ዳሸንና ሐበሻ ቢራ ይጠመቅባታል። ከሚሸጠው ቢራ መንግሥት ኤክሳይስ ታክስ ይሰበስባል። ታይላንድ እ.ኤ.አ ከ2001 ጀምሮ በመጠጥና በትምባሆ ኤክሳይስ ላይ 2 በመቶ ጨምራ እያስከፈለች ገንዘቡን ለጤና ማስተዋወቅ ታውላለች። እኛስ ከዚያው ታክስ ጥቂቷን ለወረዳ የሱስ አማካሪ ደመወዝ ብናውል ምን ይጎድላል?

በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። ጥሩ ነው። ክልከላ ግን አንዴ የተያዘን ሰው አያላቅቅም። እሱን የሚያላቅቀው በየሳምንቱ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ባለሙያ ነው፤ ያ ባለሙያ ደግሞ በእግር የሚደረስበት ቦታ መኖር አለበት።