የመጨረሻ ቀን ስኩባ አትሽጡልን

ባሕር የሌለን ሰዎች ነን። ስለዚህ ባሕር ሲሸጥልን ምን መጠየቅ እንዳለብን አናውቅም። አለማወቃችን አያስወቅሰንም። የሚያስወቅሰው የሻጩ አለማወቅ ነው፤ ከዚያም የባሰው እያወቀ ዝም ማለቱ።

ባለፈው ዓመት ከአንድ የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት የአራት ቀን የዛንዚባር ጉዞ ገዛሁ። ፕሮግራሙ እንዲህ ይላል፦ አንደኛ ቀን ስቶን ታውን፣ ሁለተኛ ቀን የቅመም እርሻ፣ ሦስተኛ ቀን ስኖርክሊንግ፣ አራተኛ ቀን ጠዋት ስኩባ ዳይቪንግ፣ ከሰዓት በኋላ በረራ። "ስኩባው ማሳረጊያው ነው" ተባልኩ፤ ደስ አለኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የዳይቪንግ አስተማሪው መጀመሪያ የጠየቀኝ መዋኘት መቻሌን አልነበረም። "በረራህ መቼ ነው?" አለኝ። "ዛሬ ከሰዓት።" "ወዴት?" "አዲስ አበባ።" የአየር ሲሊንደሩን አንስቶ ወደ ቦታው መለሰው።

ተናደድኩ። የከፈልኩበት ነው! አዲስ አበባ ደወልኩ። "አታስብ ወንድሜ፣ ስንት ሰው ልከናል፤ እስካሁን ማንም ምንም አልሆነም" አለኝ ሻጩ። አስተማሪው ግን ንቅንቅ አላለም። ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ምክንያቱ ይኸው።

ባሕር ውስጥ 10 ሜትር ስትጠልቁ በሰውነታችሁ ላይ ያለው ግፊት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ግፊት የምትተነፍሱት ናይትሮጅን በደምና በሥጋችሁ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብላችሁ ስትወጡና ጊዜ ሲያገኝ በትንፋሽ ይወጣል። ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ ግን አረፋ ይሆናል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ስትከፍቱ የሚሆነውን አስቡት።

አውሮፕላን ደግሞ ግፊት ይቀንሳል። በጉዞ ላይ በካቢኑ ውስጥ ያለው ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ተራራ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። የጠላቂዎችን ደህንነት የሚከታተለው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲጠብቅ ይመክራል። የእኔ ፕሮግራም የሰጠኝ ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም ነበር።

የእኛ ነገር ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከዛንዚባር ወደ ዱባይ የሚበር ሰው ሲያርፍ ወደ ባሕር ወለል ይመለሳል፤ ግፊቱም ይመለስለታል። እኛ የምናርፈው 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ለጠላቂ ሰው ቦሌ መውረድ ከካቢኑ እንዳልወጣ ያህል ነው። ስለዚህ ይህን ሕግ ከማንም በላይ ማወቅ ያለበት የአዲስ አበባ አስጎብኚ ነበር።

"ለጀማሪ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ ብዙ ሰው ምንም አይሆንም" የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ምንም አይሆንም። የመኪና ቀበቶ ሳያስር ቤቱ የሚገባውም ብዙ ነው። ግን 12 ሰዓቱ የተባለው ለዚያው አንድ ጊዜ ለጠለቀ ሰው ነው። ደግሞስ "ማንም ምንም አልሆነም" የሚለው ሻጭ በምን አወቀ? ምልክቱ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ማዞር፣ መዛል ነው። ሰውየው ቤቱ ገብቶ "የመንገድ ድካም ነው" ብሎ ይተኛል እንጂ ለአስጎብኚው ደውሎ አይነግርም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለዚህ ነው።

የሚያናድደኝ መፍትሔው አንድ ብር የማያስወጣ መሆኑ ነው። ቀኑን ማቀያየር ብቻ! ስኩባው መጀመሪያ፣ ስኖርክሊንጉ መጨረሻ። ስኖርክሊንግ በውሃው ገጽ ላይ ሆኖ የላዩን አየር መተንፈስ ስለሆነ የናይትሮጅን ጣጣ የለበትም። ሁለት መስመር ገልብጦ መጻፍ ያቃተው ድርጅት የሰው ሕይወት ይዞ ባሕር መሻገር የለበትም።

አስጎብኚዎች፦ የበረራ ሰዓትና የዳይቪንግ ሰዓት ሳታስተያዩ ፕሮግራም አትሽጡ። የአስም፣ የልብና የጆሮ ችግር እንዳለበት ደንበኛውን ጠይቁ፤ ካለበት ሐኪም ሳያየው አትላኩት። ፈቃድ ሰጪዎችም "ባሕሩ የእኛ አይደለም" አትበሉ፤ ደረሰኙ የተቆረጠው እዚህ ነው።

እናንተም አንባቢዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ "ከውሃ ከወጣሁ ስንት ሰዓት በኋላ ነው የምበረው?" መልሱ "አታስብ" ከሆነ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። ጠልቃችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ከታመማችሁም ለሐኪሙ መጀመሪያ የምትነግሩት "ባሕር ጠልቄ ነበር" የሚለውን ይሁን። እሱም ባሕር በሌለው አገር የሚሠራ ሐኪም ነው፤ ካልነገራችሁት ላይጠይቃችሁ ይችላል።