የሚጠጣ ቅጠል ላይ ፍሊት አይነፋም!



ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ በሶብላ፣ አሁን አሁን ደግሞ ካሞሚል በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ሳይቀር ተተክለው ማየት ደስ ይላል። ችግሩ የሚመጣው ቅጠሉና አበባው ላይ ተባይ ሲወጣ ነው። ለበረሮ የተገዛውን ፍሊት ወይም በሃይላንድ ተቀድቶ የተሸጠ ማላታይን አንስቶ መንፋት የተለመደ ሆኗል። በእኔ እምነት ይሄ ከተባዩ የባሰ ጥፋት ነው።

መጀመሪያ ስሙ ራሱ ያታልለናል። "የተባይ መድኃኒት" እንለዋለን እንጂ ነገርየው መርዝ ነው። ለእርሻ የተሠራው እንኳ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይቆረጥ መቆየት እንዳለበት ይጻፍበታል። የበረሮ ፍሊት ግን ለሚበላ ተክል አልተሠራም። በሃይላንድ የተቀዳው ደግሞ ጭራሽ ጽሑፍ የለውም።

"አጥበን እንጠቀማለን" የሚል አይጠፋም። እስቲ አጠቃቀማችንን እናስበው። አንድ ሰው ምች መታው ሲባል ዳማከሴው ከጓሮ ተቀንጥሶ፣ በመዳፍ ታሽቶ፣ ጭማቂው ቡና ውስጥ ይጨመቃል፤ ይሸተታል። ጤና አዳምም ቀጥታ ስኒ ውስጥ ይገባል። ማን ያጥባል? ቢታጠብም አንዳንዱ ኬሚካል ተክሉ ውስጥ ስለሚሰርግ ውሃ አያወጣውም። ማፍላትም ዋስትና አይሆንም። ለትልቅ ሰው "ትንሽ" የምንለው መጠን ደግሞ ለሕፃን ትንሽ አይደለም።

ማላታይንና ዲያዚኖን ነርቭን የሚያውኩ መርዞች ናቸው። ምራቅና እንባ ማብዛት፣ ላብ፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥና የትንፋሽ መቸገር ካያችሁ ጊዜ አታጥፉ። ወተት አትስጡ፣ ለማስመለስም አትሞክሩ። የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ገላውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ የመርዙን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ታዲያ ተባዩን ምን እናድርገው?

✅ ለስላሳው ቀንበጥ ላይ የሚሰፍሩት ጥቃቅን አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነፍሳት (ክሽክሽ) በውሃ ግፊት ይረግፋሉ። የቅጠሉን ጀርባ አትርሱ፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ድገሙት።

✅ ትልን በእጅ ልቀሙ። ጤና አዳም ስትነኩ ግን ጓንት አድርጉ፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ያቋጥራል።

✅ ካልለቀቀ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በ1 ሊትር ውሃ በጥብጡ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩ፣ ከዚያ አመሻሽ ላይ እርጩ፣ ጠዋት በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ኦሞና በረኪና አይሆንም።

✅ ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ጥንዚዛ አትግደሏት፤ ክሽክሹን የምትበላላችሁ እሷ ናት። ጉንዳን ግን ከክሽክሹ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ስለሚጠብቀው፣ ጉንዳን ስታዩ ቀንበጡን ፈትሹ።

✅ በጣም የተጎዳውን ቅርንጫፍ ቁረጡት፤ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ፍሊት ወይም ማላታይን አስቀድሞ የተነፋበት ካለ "ጥቂት ቀን ይቆይ" አትበሉ። ነቅላችሁ ጣሉት፣ ለበግም ለዶሮም አትስጡት። ከጎረቤት ንጹሕ ቁራጭ ወስዶ እንደገና መትከል ምንም አይከብድም።

ተባይ ትንሽ የቀመሰው ቅጠል አያሳፍርም። እኔ ብሆን ቀዳዳ የበዛበትን ዳማከሴ እመርጣለሁ፤ አንድም ነፍሳት ያልደፈረውን የሚያብረቀርቅ ቅጠል ግን ለልጅ ከመስጠቴ በፊት "ምን ተነፍቶበት ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም ጠይቁ፤ ከሰው ቤትም ሆነ ከገበያ ስታመጡ።

ጓሮ ላላት እናት፣ በረንዳ ላይ ለሚተክል ጓደኛ አካፍሉልን። ጤና ይብዛላችሁ!